ለብርጭቆ ነው ብዬ ያሠራሁት መደርደሪያ

ስለ እንጨት ዋጋ ጅማ ውስጥ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም ብዬ ያመንኩባቸው አሥራ ሁለት ቀናት ነበሩ። ዘንድሮ ክረምት ነው፣ ነሐሴ ውስጥ። ከዚያ በፊት ምንም አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላም ምንም እንደማላውቅ በሰው ፊት ታወቀ። መሃል ላይ ያሉት አሥራ ሁለት ቀናት ግን፣ እውነቴን ነው፣ በጣም ደስ ይሉ ነበር።

ነገሩ የመጣው በአክስቴ መጻሕፍት ነው። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጅማ አስተምራ ጡረታ ስትወጣ ወደ አጋሮ ሄደች። ባሏ ትቶላት ያለፈው ትንሽ ቤትና ትንሽ የቡና ማሳ እዚያ አለ። ቤቱ ለእሷና ለአልጋዋ እንጂ ለመጻሕፍቷ ስላልበቃ ስድሳ ሦስቱን መጻሕፍት በአራት የፓስታ ካርቶን አድርጋ እኛ ቤት ተወቻቸው። እኔ ለሰው ሳወራ "አክስቴ ሰጥታኝ" እላለሁ። እሷ ግን የሰጠችኝ አልመሰላትም፤ "አስቀምጡልኝ" ነው ያለችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህችን ነገር ሆን ብዬ ረስቻት ነበር።

ካርቶኖቹ አልጋዬ ሥር ነበሩ። የጅማ ክረምት ደግሞ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ጫማ ላይ እንኳ ሻጋታ ያበቅላል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንዱን ካርቶን ስስበው ሥሩ ረጥቦ ኖሮ በእጄ ላይ ቀረ። ከታች የነበረው ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ጀርባው አረንጓዴ ፀጉር አውጥቷል። በጨርቅ ጠረግሁትና ፎቶ አንስቼ፣ "አይዞሽ፣ ተርፏል" ብዬ ለአክስቴ ላክሁላት። ብልህ ሰው ይህን ፎቶ አይልክም። ወዲያው ደወለች።

"መጽሐፍ መሬት ላይ ነው የምታኖሪው?"

"መሬት ላይ አይደለም አክስትዬ፣ ካርቶን ውስጥ ነው።"

"ካርቶኑስ የት ነው?"

ካርቶኑን በእግሬ ወደ አልጋው ሥር ገፋሁት።

"ስሚኝ። ለዓመት በዓል ገበያ ጳጉሜን ላይ እመጣለሁ። ያን ቀን ሁሉም ደህና መደርደሪያ ላይ ቆመው ካገኘኋቸው ያንቺ ናቸው፣ እስከ መጨረሻው። ካልሆነ ግን እዚህ አጋሮ አንድ ትምህርት ቤት ባዶ ክፍል ከፍቶ መጽሐፍ እየለመነ ነው። ይዣቸው እሄዳለሁ።"

መጻሕፍቱ ለምን እንዲህ እንዳስጨነቁኝ ልናገር። ባለፈው ዓመት የአማርኛ አስተማሪያችን የጻፍኩትን ድርሰት ለክፍሉ ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር አንድ ቤት መኖር ከባድ እንደሆነ እናቴ ለጎረቤት ተናግራለች። ጨው አቀብይኝ ስትለኝ እንኳ አሳምሬ መልሼ ነበር የማቀብላት። ግን ያን ድርሰት ብቻዬን አልጻፍኩትም። ቃል ሲጠፋብኝ በሆዴ ተኝቼ እጄን አልጋው ሥር እሰዳለሁ፣ የመጣልኝን መጽሐፍ እገልጣለሁ፣ ሦስት ገጽ አንብቤ እመለሳለሁ። መጻሕፍቱ አጋሮ ከሄዱ እጄን የምሰደው ወደ ምን ነው? ወደ አሮጌ ጫማ?

ገንዘብ ነበረኝ። ክረምቱን የሰፈር ሴቶችን ሹሩባ ስሠራ ያጠራቀምኩት አምስት ሺህ ብር። እናቴ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት፤ ነሐሴ ላይ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ሰው የምታይበት ጊዜ የላትም። "ብሩም ያንቺ፣ ግዢውም ያንቺ" አለችኝ ክር በጥርሷ እየበጠሰች። "ብቻ ኋላ እንዳታለቅሺብኝ።" በሕይወቴ እንደ ትልቅ ሰው የተላክሁት ያኔ ነው። ስለዚህ አማካሪ ያዝኩ።

አማካሪዬ የዴስክ ጓደኛዬ ነበረች። አባቷ እዚሁ ጅማ መርካቶ ጨርቅ ይሸጣል። በዚህ ምክንያት ንግድ የሚባል ነገር ሁሉ ደሟ ውስጥ እንዳለ ታምናለች፤ እኔም አመንኩላት።

መጀመሪያ የገባነው አስፋልቱ ዳር ካለ የቤት ዕቃ መደብር ነው። አንድ መደርደሪያ አለ፣ ጥቁር ቡናማ፣ ፊት የሚያሳይ፣ ማዕዘኑ ላይ ፕላስቲኩ ገና ያልተላጠ። አሥራ አራት ሺህ። ሻጩ ዋጋውን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ጥሩ ነው" አልኳት።

"በምን አወቅሽ?"

"ዋጋውን አልሰማሽም እንዴ?"

የዚያን ጊዜ እውቀቴ ይህችው ነበረች። ውድ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ጥሩ ባይሆን ማን ይገዛዋል? ጓደኛዬ ግን የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ስለሆነች ዕቃን በፊቱ አታይም፣ ገልብጣ ነው። ወደ ኋላ ዞራ ጠርዙን በጥፍሯ ቧጨር አደረገችው። ልባሱ ተነሣ። ሥሩ በሙጫ የተጋገረ ሰጋቱራ ነው።

"ይሄ እናንተ ቤት አንድ ክረምት ቢያይ እንደ ዳቦ ነው የሚነፋው" አለችኝ። ሻጩ ወደ እኛ ሲመጣ አይተን ወጣን። መውጣት ስል፣ ሮጥን።

ከዚያ መንገድ ዳር የባሕር ዛፍ ጣውላ ገጣጥመው የሚሸጡ ሰዎች ጋ ሄድን። ሁለት ሺህ። ደስ ብሎኝ እጄን ባሳርፍበት መዳፌ ረጠበ።

"እርጥብ ነው እኮ።"

"ቤት ገብቶ ይደርቃላ፣ እህቴ" አለ ሻጩ፣ ምንም ሳያፍር። ሲደርቅ ምን እንደሚመስል ከጎኑ የቆመው፣ ቀድሞ የተሠራው መደርደሪያ ያሳይ ነበር። አንድ ሰው ከኋላ ስሙን የጠራው ይመስል ወደ ግራ ዞሯል።

ስለዚህ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ነገር ተማርኩ። ውድ ነገር መጥፎ ሊሆን ይችላል። ርካሽ ነገርም መጥፎ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ባስብ ጥሩ ነበር። ግን ዝናብ መጣና ወደ መርካቶ ሮጥን፤ ከገበያው ጀርባ አንድ ሽማግሌ አናጢ አሉ፣ እናቴ የምትሠራበት በርጩማ የእሳቸው ሥራ ነው። ጣራቸው ሥር ልንገባ ስንል ጓደኛዬ እጄን ያዘችኝ።

"መጽሐፍ እንዳትያቸው።"

"ለምን?"

"ፋራ አትሁኚ። መጽሐፍ ካልሽ 'የተማረ ቤተሰብ ናቸው፣ ገንዘብ አላቸው' ብለው ይጨምሩብሻል። አባቴ ሙሽራ ስትመጣ ዋጋ ሲጨምር በዓይኔ አይቻለሁ። ብርጭቆ ልናስቀምጥበት ነው በያቸው። እንጨት እንደሆነ እንጨት ነው።"

እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው አልኩ በልቤ።

ሽማግሌው ነጭ ቆብ አድርገው ቁጭ ብለው ጣውላ ይልጉ ነበር። ሰላምታ ሰጠን፣ መደርደሪያ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

"ምን ሊሸከም ነው?" አሉ።

ስንት ሜትር አላሉም። ምን ዓይነት ቀለም አላሉም። ሌላው ሁሉ በዋጋ የጀመረውን ወሬ እሳቸው በሸክም ጀመሩት። እኔ ግን ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት።

"ብርጭቆ።"

"የማን?"

"የእናቴ።"

"ስንት ይሆናል?"

ቤታችን ያለው ብርጭቆ ዘጠኝ ነው፤ የአንዱ አፉ ተሸርፏል። ድንገት ቁጥር ስጠየቅ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ቁጥር አንድ ብቻ ነው። "ስድሳ ሦስት።"

መላጊያው ቆመ። "ማል? ምን? ስድሳ ሦስት? ሰርግ ቤት ናችሁ እንዴ?"

እውነቱን ለመናገር ጊዜው ይህ ነበር። ጓደኛዬ ቀደመችኝ። "እናቷ ለድግስ ታከራያለች፣ አባባ።"

"ማሻአላህ!" ፊታቸው በራ። "ሠራተኛ እናት ናት። አላህ ይጨምርላት። የብርጭቆው ቁመትስ?"

በእጄ የትልቁን መዝገበ ቃላት ቁመት አሳየኋቸው።

"ይሄ ብርጭቆ ነው ጆግ?"

"ጆግም አለ" አልኩ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ምስኪን ሰፊ እናቴን የድግስ ዕቃ አከራይ አድርጌ፣ ጆግ ጨምሬላት ጨረስኩ።

ተነሥተው ግድግዳው ላይ ከተደገፉት ጣውላዎች ሁለቱን በጣታቸው አንኳኩ። "ዋንዛ ነው። ሰቃ ገጠር ውስጥ የቡና ጥላ ሆኖ ኖሮ ያረጀ። ሁለት ዓመት እዚህ ጣራ ሥር ደርቋል። ለብርጭቆ ይሄ ስሱ ይበቃሻል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ብርጭቆ ባዶ ነው፣ ምን ክብደት አለው? ወፍራሙን ባደርግልሽ ገንዘብሽን በከንቱ መብላት ነው። ለመጽሐፍ ቢሆን ሌላ ነበር። መጽሐፍ እንደ ድንጋይ ነው የሚከብደው። እንጨቱ ወፍራም ይሆናል፣ ስፋት ይጨመራል፣ መሃሉ ላይ እግር ይገባል። ዋጋውም እጥፍ ነው።"

ጓደኛዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ዓይኗ "አላልኩሽም?" ይላል። እኔም በዓይኔ "አራዳ ነሽ" አልኳት። አስቡት እስቲ። አንድ አዋቂ ሰው የሚያስፈልገኝን ነገር በሙሉ፣ በነፃ፣ ፊት ለፊቴ ቆመው ነገሩኝ። እኔ የሰማሁት "እጥፍ" የሚለውን ብቻ ነው።

አራት ሺህ ተኩል አሉ። ጓደኛዬ በእናቴ ድካም እየማለች አራት ሺህ አደረሰቻቸው።

በሳምንቱ ስንሄድ መደርደሪያው ቆሞ ጠበቀን። ያምር ነበር። ወገቡ ቀጠን ያለ፣ ማር የመሰለ ቀለም ያለው፣ አራት ረጃጅም ጣውላ። ጠርዙ ላይ ብርጭቆ እንዳይንሸራተት ከፍ ያለች ከንፈር አበጅተውለታል። በጎኑ ሦስት የጆግ መስቀያ። አናቱ ላይ ደግሞ አበባ ተቀርጿል፤ አልጠየቅሁም፣ አልከፈልኩበትም። "እሱ ለእናትሽ ነው" አሉኝ። "ሰላም በይልኝ።"

"እሺ አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩና መደርደሪያውን ጋሪ ላይ አስጫንኩ።

ቤት ስናስገባው እናቴ መኪናዋን አቆመች። "ምን የመሰለ ቡፌ ነው!"

"ቡፌ አይደለም ማሚ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው።"

"እና እነዚህ መስቀያዎች ምን ሊያደርጉ?"

"ለ... ቦርሳ" አልኩ።

ስድሳ ሦስቱን መጻሕፍት ደረደርኩ። ጣውላው ጠባብ ስለሆነ ሁሉም ሁለት ሁለት ጣት ወደ ውጭ ወጡ፣ ምላሳቸውን ያወጡብኝ ይመስሉ ነበር። አልገባኝም። ወንበር አምጥቼ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና ስለ ዋጋና ጥራት ሦስት ገጽ ድርሰት ጻፍኩ። ቃል በቃል ላስታውሰው እችላለሁ፣ ባልችል ይሻለኝ ነበር። "ዋጋ ማለት ሻጭ የገዢን ፊት አይቶ የሚናገረው ነገር ነው" ብሎ ይጀምራል። መሃል ላይ ለወጣት ገዢዎች ምክር አለበት። መጨረሻው ላይ ለሕዝቡ የማስተላልፈው መልእክት አለኝ። ለጓደኛዬ ስልኳ ላይ ላክሁላት፣ አለቀስኩ አለችኝ። እኔም ራሴ ሳነበው አልቅሻለሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሁለተኛው ጣውላ መሃሉ ላይ ዝቅ ብሎ አየሁት። ዓይኔ ነው አልኩ። ጭንቅላቴን አዘንብዬ ሳየው ቀጥ አለ፤ ስለዚህ ሁለት ቀን ጭንቅላቴን እያዘነበልኩ ኖርኩ። በስድስተኛው ቀን አራቱም ጣውላ እንደ በቅሎ ጀርባ ጎብጦ እናቴ እንኳ ከመርፌዋ ቀና ብላ "የሚስቅ ይመስላል" አለች።

ወደ አናጢው ሄጄ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ግን ምን ልል ነው? "የእናቴ ብርጭቆዎች ከበዱ" ልል ነው? እኔ ለሕዝቡ መልእክት ያስተላለፍኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈጠርኩ። ጠንካራ ሽፋን ያላቸውንና ቁመታቸው እኩል የሆኑትን መጻሕፍት መርጬ በየጣውላው መሃል፣ ከታችኛው እስከ ላይኛው፣ ልክ እንደ ምሰሶ አቆምኳቸው። ቀዩ የሰዋስው መጽሐፍ፣ ጂኦግራፊው፣ ኬሚስትሪው፣ ከላያቸው መዝገበ ቃላቱ። ጣውላው ቀና አለ። መደርደሪያው መጻሕፍቱን ሳይሆን መጻሕፍቱ መደርደሪያውን ተሸክመው ቆሙ። ከሩቅ ሲታይ ግን ማንም አያውቅም።

አክስቴ በቀጠሮዋ መጣች፣ ጃንጥላዋ እየተንጠባጠበ። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ሻይ ሳትጠጣ፣ በቀጥታ መደርደሪያው ፊት ቆመች። አበባውን በጣቷ ዳሰሰችው።

"ቆንጆ እንጨት ነው።"

ያንቺ ናቸው ልትል አፏን ስትከፍት በዓይኔ አየሁ። የከፈተችው ግን ለሌላ ነበር።

"እስቲ ያን ቀዩን ሰዋስው አቀብይኝ። ውስጡ ፎቶ ትቼ ነበር።"

"እሱን?"

"አዎ እሱን።"

"እሱማ... ሥራ ላይ ነው፣ አክስትዬ።"

"ምን ላይ?"

"ሥራ ላይ።"

ጎንበስ ብላ አየች። ታች ያለውን አየች፣ ከላዩ ያለውን አየች። ከዚያ አርባ ዓመት ተማሪ ባየ እጅ፣ በጣም በቀስታ፣ ቀዩን መጽሐፍ ሳበችው።

ጣውላው አልተሰበረም፤ ጥሩ እንጨት ነው፣ ይህን አሁን በሙሉ አፌ እመሰክራለሁ። ዝም ብሎ ተቀመጠ። ሚኒባስ ፍሬን ሲይዝ ሰው ሁሉ ወደ ፊት እንደሚሄደው መጻሕፍቱ በአንድነት ወደ መሃል ሄዱ፣ የጠርዙን ከንፈር ገንጥለው ወጡና እግራችን ሥር ወረዱ። የእናቴ መኪና ጸጥ አለ።

አክስቴ ፎቶዋን አውጥታ በልብሷ ጠረገች። "ማነው ይህን የሠራው?"

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ያስቃል። ይህኛው አያስቀኝም። "መርካቶ ያሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው" አልኩ። ይህ ብቻውን አልበቃ ብሎኝ፣ "የዘንድሮ አናጢ እንደሆነ ታውቂያለሽ" ብዬ ጨመርኩ።

"ተነሺ" አለች ጃንጥላዋን እያነሣች። "የልጅ ገንዘብ እንዲህ አይበላም።"

ባጃጅ ውስጥ ሁሉንም ሞከርኩ። ራሴን አመመኝ አልኩ። ዛሬ ዘግተው ይሆናል አልኩ። በዓል ነው፣ ሰው መቀየም ጥሩ አይደለም አልኩ። "እኔ አንቺን ሆኜ ነው የምናገርልሽ፣ አትፍሪ" አለችኝ ጉልበቴን መታ መታ እያደረገች። ያ መታ መታ ከማንኛውም ጥፊ በላይ አመመኝ።

ገና ከባጃጁ ስወርድ አናጢው አዩኝ። አክስቴ ጣቷን ቀስራ አፏን ስትከፍት እሳቸው ቀደሟት።

"ኢንተላ ኮ! ኮቱ፣ ነይ ግቢ! የእናትሽ ብርጭቆዎች እንዴት ናቸው?"

የአክስቴ ጣት አየር ላይ ቀረ። "የምን ብርጭቆ?"

"እርስዎ ነዎት እናቷ? ለድግስ የሚያከራዩት! ስድሳ ሦስቱ ብርጭቆ ነዋ!"

"ስድሳ ሦስት" አለች አክስቴ በቀስታ። ወደ እኔ ዞረች። ቁጥሩን ወዲያው ነው ያወቀችው። "ንገሪን።"

ነገርኳቸው። ሁሉንም። ጓደኛዬን ለማዳን ብርጭቆው የእኔ ሐሳብ ነው አልኩ፤ ከዚያ ይህም ውሸት መሆኑ ትዝ ብሎኝ ያንንም አስተካከልኩ። ስጨርስ አክስቴ ጣቷን አወረደች።

"ልሳደብ ነበር የመጣሁት" አለቻቸው አክስቴ። "ይቅር ይበሉኝ።"

ሽማግሌው ለእሷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእኔ ግን፣ "ሁለት ቀን ነው ያን አበባ የቀረጽኩት" አሉ። "ለእናትሽ ብዬ።" አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ። እንጨቱ ላይ ምንም ጥፋት የለም። እርስዎም ላይ የለም።"

"እሱንማ አውቃለሁ" አሉ። ከዚያ ጢማቸው ሥር ፈገግታ መጣ። "ጆግም አለ፣ ነው ያልሽኝ?"

አክስቴ ግን አልሳቀችም። "ውላችን ደህና መደርደሪያ ላይ ነበር" አለችኝ። "ሲጎብጥ አይተሽ ዝም አልሽ፤ ይባስ ብለሽ እኚህን ሰው ወነጀልሽ። ሁሉንም ይዣቸው እሄዳለሁ።"

ሁሉንም ራሴ ካርቶን ውስጥ እከትልሻለሁ አልኳት። ምናልባት ይህን ሰምታ ይሆናል፣ ወደ አናጢው ዞረች።

"ያ እንጨት በእውነት ስንቱን መሸከም ይችላል?"

ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አውርደው አሰቡ። "እንዳለ ከሆነ አሥር እንኳ ይከብደዋል። ከመሃሉ ቆርጬ ግማሹን በግማሹ ላይ በኮላ ብለጥፈው ግን አጭር ይሆናል፣ ወፍራም ይሆናል። ጥበቱን ምንም አላደርገውም። ግማሹን መጽሐፍ ይችላል። ግማሹን እሷ አርጅታም ይችላል።"

"እንግዲያው የገዛሽው የግማሹን ነው" አለችኝ አክስቴ። "ግማሹ ያንቺ፣ ግማሹ የአጋሮ ልጆች።"

"ስድሳ ሦስት ለሁለት ሲካፈል እኮ—"

"አትጀምሪ።"

አናጢው ለመቁረጡም ለኮላውም ምንም አልፈልግም አሉ። "ማለስለሱ ግን ያንቺ ነው" ብለው አንድ ሉክ የብርጭቆ ወረቀት አስጨበጡኝ። "ለብርጭቆ አልሽ አይደል? እንኪ ብርጭቆ።" ከዚያ በኋላ በሳቃቸው ሳል ያዛቸው።

ሁለት ቀን ፈገፈግሁ። መዳፌ ቀልቶ እንደ ቲማቲም ሆነ። የመጀመሪያው ቀን ፊቱን ብቻ አሳምሬ ጨረስኩ ብላቸው ገለበጡት።

"ጀርባውስ?"

"ጀርባውን ማን ያየዋል አባባ?"

"እርጥበት ያየዋል። ሻካራ ሆኖ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ሻጋታ የሚገባው በዚያ ነው።"

ለካ አራት ሺህ ውስጥ ይህም ነበረበት፤ ለብርጭቆም ቢሆን ጀርባውን አለስልሰውልኝ ነበር። እኔ ሦስት ገጽ ስጽፍ ስለ ጀርባ አንድ ቃል አልጻፍኩም። ደብተሬን አውጥቼ ድርሰቱን በሙሉ ሰረዝኩት። ከምክሩ አንድ ነገር ብቻ ላተርፍ ፈልጌ ሁለቴ አነበብኩት፣ ምንም አልተገኘም።

አጭሩና ወፍራሙ መደርደሪያ በጳጉሜን መጨረሻ ቤት ገባ። አክስቴ የምትሄድበት ቀን ጠዋት መጻሕፍቱን ምንጣፍ ላይ ዘርግታ "ምረጪ" ብላኝ ከእናቴ ጋር ሻይ ልትጠጣ ገባች። የመደርደሪያውን ርዝመት በስንዝር ለካሁ፣ መጻሕፍቱን በውፍረት ደረደርኩ፣ ዓይኔ በራ። ቀጫጭኖቹን ብቻ ከመረጥኩ ግማሽ አይደለም፣ አርባ ሰባት ይገባል! የተሰጠኝ ግማሽ መደርደሪያ ነው እንጂ ቁጥር የነገረኝ የለም።

አክስቴ ብርጭቆዋን ይዛ መጥታ ከላይ ያሉትን አንድ በአንድ አነሣች። "የንብ ማነብ መመሪያ። የዶሮ በሽታ። የጉድጓድ ሽንት ቤት አቆፋፈር።" አየችኝ። "ሽንት ቤት ልትቆፍሪ ነው?"

"ቀጭን ነው" አልኩ።

ያን ጊዜ ነው የሳቀችው፤ ሻዩ ምንጣፉ ላይ እስኪፈስ። እናቴም ሰምታ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ምን አማራጭ አለኝ? ከዚያ ሁሉንም አፍርሼ እንደገና ጀመርኩ። አሁን በስንዝር አልለካሁም። እያንዳንዱን እየገለጥኩ የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ፤ ሁለተኛውን ገጽ ሳላስበው የገለጥኩትን ወደ ቀኝ፣ ያልገለጥኩትን ወደ ግራ። ሻጋታ የበላው ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ብቻውን የሦስቱን ቦታ ይይዛል፤ ወደ ቀኝ ሄደ። መዝገበ ቃላቱ ሄደ። ሽፋን የሌላቸው ሁለት ልብ ወለዶች ሄዱ። ሃያ ስምንት ላይ ስደርስ መደርደሪያው ሞላ፤ ጣውላው ንቅንቅ አላለም።

የቀሩትን ካርቶን ውስጥ ስከት የዶሮውን ከተትሁ፣ የሽንት ቤቱን ከተትሁ። ባጃጁ መጥቶ በር ላይ ቆሟል፣ አክስቴ ካርቶኖቹን በጃንጥላዋ እየቆጠረች ታስጭናለች። የመጨረሻዋ የንብ ማነብ መመሪያ ናት። ልስቅባት ብዬ ገለጥኳት። ንግሥቲቱ አርጅታ ስትደክም ሠራተኞቹ ንቦች ምን እንደሚያደርጉ ተጽፏል።

ባጃጁ ሁለቴ ጡሩንባውን ነፋ። "ያቺንስ?" አለች አክስቴ ከውስጥ ሆና እጇን ዘርግታ።

እኔ አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ነበርኩ።